በጣት የሚነካው ስልክና ፊደላችን

(በሬዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ ማለዳ ከፉሪ ወደ መሥሪያ ቤትዎ ለመሄድ የታክሲ ወረፋ ይዘው ሲቆሙ ዙሪያዎን ቢመለከቱ፣ ከሰልፈኛው የሚበዛው አንገቱን ደፍቶ በአንዲት ጠፍጣፋ መስተዋት ላይ ጣቱን ሲያንሸራትት ያያሉ። ሕዝቡ «ተች» እያለ የሚጠራት ይህች ስልክ ከእጃችን ስለማትለይ የምናውቃት ይመስለናል። ነገር ግን በእርስዋ የምንልከውን ደብዳቤ በገዛ ፊደላችን ለመጻፍ እንችላለን ወይስ አንችልም የሚለውን ጥያቄ በአግባቡ ለመመለስ፣ አስቀድሞ አሠራርዋን መረዳት ያስፈልጋል።

መስተዋትን በጣት ነክቶ መሣሪያን የማዘዝ ሐሳብ ትናንት የተወለደ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ኢ. ኤ. ጆንሰን ይህን ዘዴ በ1958 ዓ.ም. በጽሑፍ ገልጾት ነበር። በ1986 ዓ.ም. ደግሞ አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ግማሽ ኪሎ ያህል የሚመዝን «ሳይመን» የተባለ ስልክ ለገበያ አቀረበ፤ ይኸውም ፋክስና የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ለመላክ የሚችል ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ዐይነት ስልክ በዓለም ላይ መስፋፋት የጀመረው፣ አፕል የተባለው ኩባንያ በሰኔ ወር 1999 ዓ.ም. የመጀመሪያውን አይፎን ለሽያጭ ካወጣ በኋላ ነው። እኛም ዛሬ ይህንኑ እንደ ምሳሌ ወስደን እንመርምረው።

የማንኛውም እንዲህ ያለ ስልክ ሥራ በሁለት ይከፈላል። አንዱ በእጅ የሚዳሰሰው አካል፣ ማለት ሃርድዌር ሲሆን፣ ሁለተኛው የማይዳሰሰው ትእዛዝ፣ ማለት ሶፍትዌር ነው። መሥሪያ ቤትን ያስቡ። ሕንፃው፣ ጠረጴዛውና ሣጥኑ ሃርድዌር ናቸው ብንል፣ ደንቡና መመሪያው ሶፍትዌር ይሆናሉ። ደንብ ሲሻሻል ሕንፃው አይፈርስም፤ ይህን ነጥብ እባክዎን በልብዎ ያቆዩልኝ።

በመጀመሪያ ስለ አካሉ እንናገር። የዚያ ስልክ ክብደት 135 ግራም፣ የመስተዋቱም ስፋት ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 3.5 ኢንች ነበር። ፎቶግራፍ ማንሻው የ2 ሜጋፒክስል ሲሆን ተንቀሳቃሽ ምስል አይቀርጽም ነበር። ለጊዜያዊ ሥራ የሚያገለግለው ማስታወሻው 128 ሜጋባይት ነበር፤ ይህም ጸሐፊው ለጊዜው ወረቀቱን የሚዘረጋበትን ጠረጴዛ ይመስላል። መዝገብ ቤቱ፣ ማለት ዘላቂው ማከማቻ፣ 4 ወይም 8 ጊጋባይት ይይዝ ነበር።

መስተዋቱ ጣትን የሚያውቀው እንደሚከተለው ነው። ከመስተዋቱ ሥር ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ፣ ነገር ግን በዐይን የማይታይ እጅግ ስስ ንጣፍ አለ። የሰው ገላ ኤሌክትሪክን ስለሚያስተላልፍ፣ ጣት ወደ መስተዋቱ ሲጠጋ በዚያ ነጥብ ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ክምችት ይለውጠዋል፤ መሣሪያውም ለውጡ የደረሰበትን ሥፍራ ለይቶ ትእዛዙን ይፈጽማል። በኅዳር ብርድ ወፍራም የሱፍ ጓንት ያጠለቀ ሰው ስልኩን ቢነካ የማይታዘዝለት ከዚህ የተነሣ ነው። በክረምትም የዝናብ ጠብታ ሲያርፍበት ጣትና ውሃ ተምታትቶበት ያልታዘዘውን የሚሠራበት ጊዜ አለ።

በውስጡም ሌሎች ስሜት መቀበያዎች ነበሩ። አንዱ ስልኩ ወደ ጆሮ ሲጠጋ መብራቱን ያጠፋል፤ ሌላው የአካባቢውን ብርሃን ይለካል። ሦስተኛው የስልኩን መዘንበል ያውቃል፤ ይኸውም በፉሪ ተራራ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመዘግበው ጣቢያ ካለው መሣሪያ ጋር በመሠረተ ሐሳብ የሚቀራረብ ነው። በሁለቱም ዘንድ የሚለካው እንቅስቃሴ ነው፤ የስልኩ መሣሪያ ግን በመጠኑ እጅግ ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ እንመለስ። አይፎን ሲወጣ ጉድለት አልነበረበትም ማለት አይደለም። ጽሑፍን ከአንድ ሥፍራ ገልብጦ ወደ ሌላ ሥፍራ መለጠፍ የተቻለው በ2001 ዓ.ም. ነው። ከኩባንያው ውጭ ያሉ ሰዎች የሠሩትን ፕሮግራም ማንኛውም ባለስልክ ከአንድ ገበያ እየመረጠ ሊጭን የቻለውም በሐምሌ ወር 2000 ዓ.ም. ነው። እነዚህ ሁሉ ሲጨመሩ በገዢው እጅ ያለው ስልክ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ትእዛዙ ብቻ ነው።

ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። የፊደላችን መደብ 33 ሲሆን፣ በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለማስገኘት በደከሙ ጊዜ የገጠማቸው ችግር የብረቱ ቁልፍ ለፊደሉ አለመብቃቱ ነበር። የእጅ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባም ያን ጊዜ የተለመዱት ስልኮች ያላቸው የቁጥር ቁልፍ 12 ብቻ ነበር። ስለዚህ ብዙዎቻችን አማርኛችንን በላቲን ፊደል መጻፍ ለመድን። በአዲሱ ስልክ ላይ ግን ቁልፉ ብረት መሆኑ ቀርቶ በመስተዋት ላይ የተሣለ ብርሃን ሆነ። ብርሃንን ደግሞ ሶፍትዌር እንደወደደው ይሥለዋል፤ «በ»ን ሲነኩ «ቡ፣ ቢ፣ ባ» እያለ ዘሮችዋን ሊደረድርልዎ ይችላል።

እርግጥ ነው፣ የመጀመሪያው አይፎን የአማርኛ የፊደል ገበታ አልነበረውም፤ የፊደላችን ቅርጽ ባልተጫነባቸው ስልኮችም ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይታይ ነበር። ጉድለቱ ግን የመስተዋቱ ሳይሆን የትእዛዙ ስለ ነበረ፣ ባለሙያዎች ሊያቃኑት ችለዋል። ዛሬ ብዙዎቹ ስልኮች የአማርኛ ገበታ አላቸው፤ በማስተካከያው ክፍል «ቋንቋ» ከሚለው ሥር ገብቶ መምረጥ ብቻ ነው።

እንግዲህ ክቡር አንባቢ፣ የቀረው የልማድ ነገር ነው። በላቲን ፊደል ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ ይደባለቃሉ። አንድ ሠራተኛ ለአለቃው «የታዘዝነው ሥራ ተጠናቋል» ብሎ በላቲን ፊደል ቢጽፍ፣ አለቃው «ሴራ ተጠናቋል» ብሎ ቢያነበው ማን ይወቀሳል? በመንደርም ፊደል በቆሎ ተማሪ ቤት የቆጠሩ ሽማግሌ አባት፣ ልጃቸው በባዕድ ፊደል የላከውን አማርኛ ለማንበብ ጎረቤት መለመን አይገባቸውም። ትናንት መሣሪያው አይችልም ብለን እናመካኝ ነበር። ዛሬ መሣሪያው ችሏል፤ ስለዚህ ዛሬ ማታ ለቤተ ዘመድዎ የሚልኩትን መልእክት በፊደልዎ ይጻፉት።