ሒሳብ አልገባው ያለውን ልጅ ስለ መርዳት

ልጅ ሒሳብ አልገባኝም ባለ ጊዜ ሰነፍ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። ማወቅና ማስረዳት ልዩ ልዩ ናቸውና ጕድለቱ ከአስተማሪው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አስተማሪውን በልጁ ፊት መንቀፍ ትምህርቱን ያስንቃል። ይልቁንስ ልጁን «እንዴት አድርገህ ሠራኸው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ለምሳሌ ሁለት መቶ አምስት ጻፍ ቢሉት 2005 ብሎ የሚጽፍ ልጅ አለ። ይህም እንደ ሰማው አስቀድሞ 200ን፣ ቀጥሎ 5ን ስለ ጻፈ ነው። በግዕዝ ቍጥር ፪፻፭ ተብሎ እንደ አነጋገሩ ይጻፋል፤ ዜሮም የለበትም። በ205 ግን ዜሮ የአሥር ቤት ባዶ መሆኑን ያመለክታል።

ስለዚህ ጭራሮ ሰብስባችሁ አሥር አሥሩን እሰሩ፤ አሥሩን እስር ደግሞ ባንድነት አስራችሁ መቶ አድርጉት። ልጁ ሁለቱን የመቶ እስር በመቶ ቤት፣ አምስቱን ነጠላ በአንድ ቤት ሲያኖር በመካከል ያለውን ባዶ ስፍራ በዓይኑ ያያል።

ከዚህ በኋላ አስተማሪውን ለብቻው አግኝቶ ስሕተቱን ማሳየት መልካም ነው፤ አንዱ የሳተውን ብዙዎች ይስቱታልና። ይህ ሳይገባው ያለፈ ልጅ ግን ማባዛትና ማካፈል በደረሰ ጊዜ ተስፋ ቈርጦ ከትምህርት ቤት ሊቀር ይችላል።