ግማሹ ባዶ የሆነ መስመር

የፋይበር ኦፕቲክ መስመር በተከራየ መሥሪያ ቤት ሁሉ ዘወትር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፦ «መስመሩ የሚሠራው በአቅሙ 45 በመቶ ብቻ ከሆነ፣ ለቀረው 55 በመቶ ለምን እንከፍላለን?» የሒሳብ ሹሙ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሱ ግን ያለው በመዝገቡ ላይ ሳይሆን ፓኬቶች ተራ በሚጠብቁበት ወረፋ ውስጥ ነው።

በቅድሚያ ብርሃኑን እንመልከት። 1550 ናኖ ሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን በብርጭቆው ክር ውስጥ ሲጓዝ ኃይሉ በግማሽ የሚቀንሰው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ነው። በዚሁ አካባቢ በጥቂት በጥቂቱ የሚለያዩ 80 የሞገድ ርዝመቶችን በአንድ ክር መላክ ይቻላል፤ እያንዳንዳቸው በሰከንድ 100 ጊጋ ቢት ቢሸከሙ ድምሩ 8 ቴራ ቢት ይሆናል። ስለዚህ ጥበቱ ብዙውን ጊዜ ከክሩ ሳይሆን በጫፉ ካለው ራውተርና ከተከራየነው መጠን ይመነጫል።

ፓኬቶች ወደ ራውተሩ የሚደርሱት በእኩል ልዩነት ሳይሆን እንደ ክረምት ዝናብ፣ አንዴ ዶፍ አንዴ ካፊያ ሆነው ነው። በቀላሉ የወረፋ ስሌት መሠረት አንድ ፓኬት በራውተሩ የሚቆይበት አማካይ ጊዜ፣ ወረፋ ባይኖር ከሚፈጅበት ጋር ሲነጻጸር፣ መስመሩ በ50 በመቶ ሲሠራ 2 እጥፍ፣ በ80 በመቶ 5 እጥፍ፣ በ90 በመቶ 10 እጥፍ፣ በ95 በመቶ 20 እጥፍ ይሆናል። እውነተኛው ትራፊክ ከዚህም ይብሳል። የቤልኮር ተመራማሪዎች በአካባቢያዊ መረብ ላይ ለክተው እ.ኤ.አ. በ1994 እንዳሳተሙት፣ የትራፊኩ መዋዠቅ በሴኮንዶች ተለካ በደቂቃዎች ያን ያህል አይለዝብም።

አሁን እኩል አቅም ያላቸው ሁለት መስመሮች አሉን እንበል። ሁለቱም በ45 በመቶ እየሠሩ አንዱ ቢቆረጥ፣ ሌላው 90 በመቶ ይሸከማል፤ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። ሁለቱም በ55 በመቶ ሲሠሩ ቢሆን ግን በቀረው ላይ 110 በመቶ ይወድቅበታል። ያን ጊዜ ወረፋው ማለቂያ የለውም፤ የራውተሩ ማኅደር ሞልቶ ፓኬቶች ይጣላሉ። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት 10 በመቶ ብቻ መሆኑን ተማሪዎቻችን ሲሰሙ በቀላሉ አያምኑም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሁለቱ መስመሮች በእርግጥ ሁለት ከሆኑ ነው። በአንድ ክር ውስጥ የሚሄዱ ሁለት የሞገድ ርዝመቶች፣ ወይም በአንድ ቦይ የተቀበሩ ሁለት ገመዶች፣ ለቁፋሮ መኪና አንድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2006 ከታይዋን በስተደቡብ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ የባሕሩ ወለል ሲናድ፣ በአንዱ ወሰን የሚያልፉ ዘጠኝ ገመዶች ተበጠሱ። ጥገናው 11 መርከቦችን ለ49 ቀናት አሠማርቷል። አንዱ የሌላው መጠባበቂያ የነበሩ ገመዶች አብረው ነበር የተበጠሱት።

ባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያም ወደ ባሕር ገመዶች የምትደርሰው በጎረቤት አገሮች በኩል ነው። አንዱ መንገድ ጅቡቲ፣ ሌላው ኬንያ ቢሆን በካርታ ላይ እጅግ የተራራቁ ይመስላሉ። ሆኖም ከሞምባሳ ተነሥተው ወደ አውሮፓ ከሚሄዱት ገመዶች መካከል በቀይ ባሕር የሚያልፉ አሉ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 በዚያ ባሕር ከተቆረጡት ሦስት ገመዶች አንዱ፣ ሲኮም የተባለው፣ ከነዚሁ ነበር።