ቀይ እስክሪብቶ የሳተው «ቢዘንብ»

በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር፣ ያቤሎ ከተማ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያስተምር አንድ መምህር የ10ኛ ክፍል ደብተሮችን ያርማል። የቤት ሥራው «ኢፍ» ያለባቸው አምስት ዓረፍተ ነገሮች መጻፍ ነው። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ልጅ «ኢፍ ኢት ሬይንድ፣ ማይ ፋዘር ዉድ ካም ሆም» ብሎ ጽፏል። መምህሩ «ሬይንድ»ን ሰርዞ «ሬይንስ»፣ «ዉድ»ን ሰርዞ «ዊል» አደረገና ግማሽ ነጥብ ቀነሰ። ዝናብ ሊዘንብ የሚችል ነገር ነው፤ መምህሩ ሰሌዳ ላይ በሣለው ባለ ሦስት ረድፍ ሠንጠረዥ (ሊሆን የሚችል፣ ከመሆን የራቀ፣ ሳይሆን ያለፈ) መሠረት ቦታው የመጀመሪያው ረድፍ ነው። እንዲያውም ዝናብ የዚያ ረድፍ የዘወትር ምሳሌ ነው።

ልጁ ደብተሩን ይዞ መጣ። «ቲቸር፣ ይዘንባል ብዬ አይደለም የጻፍኩት» አለ።

እውነቱን ነበር። ያቤሎ ያለችበት ቦረና በዓመት ሁለት ዝናብ ይጠብቃል፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዋናው «ገና» ይባላል (ከልደት በዓል ጋር ዝምድና የለውም)፣ በመስከረምና በኅዳር መካከል የሚጠበቀው አጭሩ ደግሞ «ሃገያ»። ከ2013 መጀመሪያ አንሥቶ ሦስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው አራተኛውም እየከሸፈ ነበር። የልጁ አባት የተረፉትን ከብቶች ነድተው ግጦሽ ፍለጋ ከሄዱ ወራት አልፈዋል። ልጁ የጻፈው የሰዋስው ስሕተት አልነበረም፤ ተስፋ መቁረጡን ነው የጻፈው፤ እንግሊዝኛው ደግሞ በትክክል ተሸክሞለታል።

መምህሩ ያን ቀን የተጸጸተው ሲያስተምረው የኖረውን ነገር ራሱ ስለዘነጋው ነው። «ዉድ» በሚከተለው የ«ኢፍ» ሐረግ ውስጥ «ሬይንድ» ሲባል ስለ ትናንት አይወራም። የኃላፊ ጊዜው ቅርጽ የሚለካው ርቀትን ነው፤ ተናጋሪው ነገሩን ይሆናል ብሎ ከማመን ምን ያህል እንደራቀ። አማርኛም ያውቅበታል። «ከዘነበ ይመጣል» የሚል ሰው ሰማይ እያየ ነው። «ቢዘንብ ይመጣ ነበር» የሚለው ግን ማየቱን ትቷል። እዚህ ላይ «ነበር» የገባው ስላለፈ ነገር ለመናገር አይደለም።

ሁለቱ ቋንቋዎች ይህን ያህል የሚቀራረቡ ከሆነ ተማሪው ለምን ይሳሳታል? ከዓመት ዓመት መምህሩን የሚያጋጥመው ስሕተት አንድ ዓይነት ነው፦ «ኢፍ አይ ዉድ ኖው፣ አይ ዉድ ኖት ካም»። «ዉድ» በሁለቱም ወገን። ምንጩን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። «ባውቅ ኖሮ ባልመጣሁ ነበር» ስንል «ብ» በሁለቱም ግሶች ላይ ተለጥፋለች፤ አማርኛ አፉን የፈታ ልጅ ያችን «ብ» «ዉድ» ብሎ ይተረጉማትና ሁለት ጊዜ ይጽፋታል። ሚዛን የጠበቀ፣ ግን እንግሊዝኛ የማይቀበለው ዓረፍተ ነገር ይወጣል። አፋን ኦሮሞ የሚናገሩት ልጆች፣ ማለትም የክፍሉ አብዛኞቹ፣ ከዚህኛው ወጥመድ ይሻላሉ። ሊሆን ለሚችለው «ዮ»፣ ላልሆነው «ኦሶ» ይላሉ፤ «ሲላ» የምትባለዋም ቃል የምትገባው በውጤቱ በኩል ነው። መምህሩ «ዉድን ሲላ ባለችበት ብቻ አስገቡ» ማለት ከጀመረ ወዲህ ቀይ ቀለሙ ቀንሷል።

ሌላው ችግር ግን ለሁሉም ነው። «ገንዘብ ቢኖረኝ ኖሮ እገዛው ነበር» ያለ ሰው ስለ ዛሬ ይናገር ስለ አምና ከዓረፍተ ነገሩ ብቻ አይታወቅም፤ «አሁን» ወይም «ያኔ» ተጨምሮ ይለያል። እንግሊዝኛ ሁለቱን በግሱ ይለያቸዋል፤ ለዛሬው «ሃድ»፣ ለአምናው «ሃድ ሃድ»። ተማሪዎች ይህ ሁለተኛው የማተሚያ ቤት ስሕተት ይመስላቸዋል።

ልጆቹ ያልሆነን ነገር አስቦ መናገር አይሆንላቸውም የሚል አስተያየት በመምህራን ማረፊያ ክፍል አልፎ አልፎ ይሰማል። በ1981 እ.ኤ.አ. አልፍሬድ ብሉም የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ስለ ቻይንኛ ተናጋሪዎች ተመሳሳይ ነገር ጽፎ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ቴሪ አው የተባለች ተመራማሪ ብሉም የተጠቀመባቸውን ዓይነት ታሪኮች ጥርት ባለ ቻይንኛ አዘጋጅታ ስታቀርብላቸው ያለ ችግር ተረዷቸው። ከጠፋው ከብት ግማሹ ቢተርፍ ኖሮ እያለ ማታ ማታ ሲያሰላ የሚያመሽ ቤተሰብ ውስጥ ላደገ ልጅ ይህ ጥናት እንኳ አያስፈልገውም።

«ሬይንስ» የሚለው ጽኑ «ኢፍ» የት እንደሚያገለግል ለማሳየት መምህሩ አሁን የሚያመጣው የከብት መድንን ነው። ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር በ2012 እ.ኤ.አ. በቦረና የጀመረው መድን ካሣ የሚከፍለው የሞተ ከብት ተቆጥሮ አይደለም፤ በሳተላይት የሚለካው የግጦሽ ልምላሜ ከተወሰነለት መጠን በታች ሲወርድ ነው። «ከብቴ ከሞተ» እና «ሣሩ ከደረቀ» ሁለት የተለያዩ «ኢፎች» ናቸው። ውል ላይ ደግሞ «ቢሆን ኖሮ» የለም፤ ከሆነ ይከፈላል፣ ካልሆነ አይከፈልም።

«ኢፍ አይ ወር ዩ» ላይ ብዙ ጊዜ አያጠፋም። «ወር» ለምን እንደመጣ ለሚጠይቀው፣ የድሮ የምኞት አንቀጽ ርዝራዥ ነው ይልና «ጎድ ብሌስ ዩ»ን ያስታውሰዋል። ማንም ሰው «ብሌስስ» አይልም፤ አማርኛው «ይባርክህ» እንጂ «ይባርክሃል» እንደማይለው ሁሉ።

በ2015 ጸደይ ሲጠበቅ የነበረው ሃገያም ቀርቶ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ገናው ዘነበ። ያ ልጅ 11ኛ ክፍል ደርሷል። በአንድ ወረቀት ላይ «ኢፍ ኢት ሃድ ሬይንድ ላስት ይር፣ ዊ ዉድ ስቲል ሃቭ አወር ካውስ» ብሎ ጻፈ። አምና ዘንቦ ቢሆን ኖሮ ላሞቻችን ዛሬም ይኖሩን ነበር። መምህሩ እስክሪብቶውን ካነሣ በኋላ ቆም አለ። ምክንያቱ ከሠንጠረዡ ሦስተኛ ረድፍ፣ ውጤቱ ከሁለተኛው ነው፤ ያለፈው ድርቅ የዛሬውን ባዶ በረት ወለደ። ሰሌዳው ላይ ለዚህ የሚሆን ረድፍ አልነበረም፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን አንድም እንከን የለበትም።

በማግስቱ ልጁን ጠርቶ፣ ለክፍሉ በምሳሌነት ሰሌዳ ላይ ይጽፈው እንደሆነ ጠየቀው። ልጁ ትንሽ አሰበ።

«ስሜ ካልተጻፈ ይሁን፣ ቲቸር።»