ለመኖሪያ ቤት የሚሆኑ የግድግዳ መብራቶች አመራረጥና አሰቃቀል በደሴና በኮምቦልቻ

የግድግዳ መብራት የሚባለው በኮርኒስ ላይ የማይንጠለጠል፥ በቤት ውስጥ ወይም በደጅ ግድግዳ ላይ የሚታሰር መብራት ነው። ብዙ ሰው ይህን ዕቃ የሚገዛው መልኩን ዐይቶ ነው፤ ብዙ ነጋዴም የሚያስመጣው በዚሁ ሚዛን ነው። ይሁን እንጂ ዕቃው ኤሌክትሪክ ተሸክሞ ከግድግዳ ጋር የሚጣበቅና የሰው እጅ በቀላሉ የሚደርስበት ስለ ሆነ፥ የሚሰቀልበት ቤት ሳይታወቅ የተገዛ እንደ ሆነ ለገዢው አደጋ፥ ለሻጩም የተመለሰ ዕቃና የጠፋ ደንበኛ ያተርፋል። ስለዚህ የመብራት ነጋዴ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው የገዢውን ግድግዳ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፥ የአየር ጠባያቸው አንድ አይደለም። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፥ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ፥ ብርድና ጉም የሚበዛባት ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ግን በ1850 ሜትር ገደማ ላይ ያለች በመሆኗ ሞቅ ትላለች፤ በበጋ አቧራው፥ ዝናብ ሲጀምርም በብርሃን ዙሪያ የሚሰበሰቡት ነፍሳት ያስቸግራሉ። ለአንደኛዪቱ ከተማ የሚስማማው መብራት ለሌላዪቱ ላይስማማ የሚችለው ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ የሚታየው የግድግዳው ዐይነት ነው። ከእንጨትና ከጭቃ በተሠራ ቤት ላይ ቡሎን በልስኑ ብቻ ላይ የታሰረ እንደ ሆነ፥ ጭቃው እየተፈረፈረ መብራቱ በሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ ቋሚው እንጨት ያለበትን ስፍራ በማንኳኳት ፈልጎ በዚያ ላይ ማሰር፥ ሽቦውንም በፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት ላይ ደግሞ ለክፍት ግድግዳ የተሠራ ፊሸር ይገባል። በእንዲህ ያለ ቤት ከባድ የብረት ወይም የመስተዋት መብራት ከመስቀል ቀላሉን መምረጥ ይሻላል።

ከዚህም ጋር ኮርኒሱን መመልከት ግዴታ ነው። ኮርኒሱ ከአቡጀዲ ወይም ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ከሆነ፥ ብርሃኑን ወደ ላይ የሚወረውር መብራት በሚያቃጥል አምፖል ከኮርኒሱ አጠገብ ሊሰቀል አይገባም። በየመብራቱ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ የዋት ልክ የተጻፈው ለዚሁ ነው፤ 40 ዋት በሚል መብራት ላይ 100 ዋት አምፖል ማስገባት እሳትን እንደ መጋበዝ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ጉዳይ የምድር ሽቦ ነው። አካላቸው ብረት የሆነ ብዙዎቹ መብራቶች ሦስት ሽቦ ይሻሉ፤ ይኸውም ኀይል የሚያመጣው፥ የሚመልሰውና ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለው የምድር ሽቦ ነው። በውስጥ ያለው ሽቦ ተልጦ ብረቱን የነካ እንደ ሆነ፥ የምድር ሽቦው ኀይሉን ወደ መሬት ወስዶ ፊውዙ እንዲቆርጥ ያደርጋል። የምድር ሽቦ ባልተዘረጋበት አሮጌ ቤት ግን ብረቱ ራሱ ኀይል ይዞ የሚነካውን ሰው ይመታል። ለእንዲህ ያለው ቤት የሚስማማው ድርብ መከላከያ ያለው መብራት ነው፤ ምልክቱም በትልቅ አራት ማዕዘን ውስጥ የተሣለ ትንሽ አራት ማዕዘን ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ አቧራና ውሃ ነው። በካርቶኑ ላይ አይ ፒ ከሚሉት ፊደላት ቀጥለው ከሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች የመጀመሪያው አቧራን፥ ሁለተኛው ውሃን የመከላከል ዐቅሙን ይገልጻል። 20 የሚለው ለደረቅ ክፍል ብቻ ነው። 44 የሚለው የውሃ ፍንጣቂ ስለሚችል ለመታጠቢያ ቤትና ለተሸፈነ በረንዳ ይሆናል። 65 የሚለው አቧራ የማያስገባና በኀይል የሚረጭ ውሃ የሚቋቋም ስለ ሆነ፥ ለደሴ ዝናብም ሆነ ለኮምቦልቻ አቧራ በተጋለጠ የደጅ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ይችላል።

ስለ ከፍታው የተለመደው ልክ ከወለሉ እስከ መብራቱ መካከል ከ1 ሜትር ከ60 እስከ 1 ሜትር ከ80 ሴንቲ ሜትር ነው። ነገር ግን ይህ ልክ በወንበር ለሚቀመጥ ወይም ለቆመ ሰው የታሰበ ነው። በወሎ በብዙ ቤቶች እንግዳ የሚስተናገደው ፍራሽና መከዳ በተነጠፈበት ወለል ላይ በመሆኑ፥ ከታች ክፍት የሆነ መብራት በተቀማጮቹ ዐይን ላይ በቀጥታ ያበራል። ለእንዲህ ያለው ሳሎን ከታች የተዘጋ ወይም መስተዋቱ የደበዘዘ መብራት ይመረጣል። በመስተዋት አጠገብ ሲሰቀል በግራና በቀኝ በፊት ትይዩ ቢሆን በፊት ላይ ጥላ አይጥልም። በመኝታ አጠገብ ዝቅ ተደርጎ ይሰቀላል፤ ማብሪያ ማጥፊያውም ለተኛው ሰው እጅ ቅርብ ይሁን። በደጅ በር አጠገብ በቁልፉ በኩል ቢታሰር ቁልፉንም፥ የመጣውንም ሰው በደንብ ያሳያል።

የብርሃኑ ቀለም በኬልቪን ይለካል። ከ2700 እስከ 3000 ያለው ቢጫማ ብርሃን ለሳሎንና ለመኝታ ቤት ይስማማል፤ በብርዳማዋ ደሴ ቤቱን ሞቅ ያለ ያስመስለዋል፤ በኮምቦልቻ በረንዳም ከነጩ ብርሃን ይልቅ ጥቂት ነፍሳትን ይስባል። 4000 ያለው ለማድ ቤት ይመቻል። ስለ ወጪውም፥ አራት ባለ 60 ዋት አምፖሎች በየምሽቱ 5 ሰዓት ቢበሩ በ30 ቀን 36 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። ተመሳሳይ ብርሃን የሚሰጡ አራት ባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፖሎች ግን የሚፈጁት 5.4 ብቻ ነው። ይህን ሒሳብ ለገዢ የሚያስረዳ ባለ ሱቅ ውድ ስለሚመስለው አምፖል ሲከራከር አይውልም።

አስመጪዎች የሚከተለውን ቢያስተውሉ መልካም ነው። የአገራችን ኀይል 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ ስለዚህ ለአሜሪካ ገበያ በ120 ቮልት ብቻ የተሠራ አምፖል እዚህ ሲገባ ይቃጠላል። ኀይሉ በምሽት በሚዋዥቅበት ሰፈር ከ85 እስከ 265 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ የበለጠ ይታገሣል። አምፖሉ ከአካሉ ጋር የተጣበቀ መብራት ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የሚጣል ስለ ሆነ፥ 27 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጥርስ የሚጠመዘዝ አምፖል የሚቀበለውን ማስመጣት ለገዢው ይጠቅማል፤ ለባለ ሱቁም የአምፖል ገበያ ያቆይለታል። ዕቃው በብዛት ከመታዘዙ በፊትም ናሙና አስመጥቶ መፍታት፥ የውስጡን ሽቦና የምድር ሽቦ ማሰሪያውን መመልከት ብልህነት ነው፤ ጉድለት ያለበት ዕቃ ከጅቡቲ ተጓጉዞ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ከደረሰ በኋላ መመለሱ ቀላል አይደለምና።

በመጨረሻም ባለ ሱቅ ዕቃውን ከመጠቅለሉ በፊት ገዢውን አራት ነገር ይጠይቅ፦ ግድግዳው ከምን ተሠራ? ኮርኒሱ ምንድን ነው? የምድር ሽቦ አለ ወይ? የሚሰቀለው በውስጥ ነው ወይስ በደጅ? ይህ ሁሉ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ በሱቅ መደርደሪያ ፊት የተጠየቀ ጥያቄ የደንበኛን ቤት ከእሳት፥ የነጋዴንም ስም ከነቀፋ ያድናል።