ነፋስን ለሕፃናት ማስተማር፦ ከአዳማ እስከ ባቱ

ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ተጉዞ ወደ አዳማ የሚቃረብ ሰው በኮረብታዎቹ ላይ የተደረደሩትን የነፋስ ተርባይኖች ሳያይ አያልፍም። የአዳማ አንድ 34 ተርባይኖች እ.ኤ.አ. በ2012፣ የአዳማ ሁለት 102 ተርባይኖች ደግሞ በ2015 ሥራ ጀምረዋል፤ ሁለቱ ጣቢያዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ነፋስን ለማስተማር ይህን የሚያህል መርጃ መሣሪያ ያላቸው የአገራችን ከተሞች ጥቂት ናቸው።

ነገር ግን የአምስት ዓመት ልጅ «ነፋስን የሚሠሩት እነሱ ናቸው» ቢል አያስገርምም። ቤት ያለው ቬንትሌተር ሲሽከረከር ይነፍሳል፤ ተርባይኑም ይሽከረከራል። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ በ1920ዎቹ ሕፃናትን ነፋስ ከየት እንደሚመጣ ሲጠይቅ፣ ዛፎች በመወዛወዛቸው እንደሚፈጥሩት የመለሱለት ነበሩ። ይህ ካዩት ተነሥተው የደረሱበት ሐሳብ ስለሆነ በቁጣ ማረም ተገቢ አይደለም። «ተርባይኑ ቆሞ ሳለ ፊትህን ነፋስ መትቶህ አያውቅም?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

በየትምህርት ቤቱ የተለመደው ግን ከትርጓሜው መጀመር ነው። «ነፋስ የሚንቀሳቀስ አየር ነው» ይባላል፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይደግሙታል፣ ያልፋል። አየር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልጅ ይህ ምንም አይነግረውም። አየሩን አስቀድሞ በእጁ ማስያዝ ያስፈልጋል።

ይህም ወጪ የለውም። የሃይላንድ ጠርሙስ ታቹ ይቆረጥና ውስጡ፣ ከላይ በኩል፣ ጭምድድ ያለ ወረቀት ይወተፋል። ክዳኑ እንደተዘጋ በቆረጡት በኩል ቀጥ አድርገው ባልዲ ውኃ ውስጥ ሲያጠልቁት ወረቀቱ አይርስም። ከዚያ አንዱ ልጅ ጉንጩን ወደ ጠርሙሱ አፍ አስጠግቶ ክዳኑን ያላላ፤ አየሩ እየተነፈሰ ጉንጩን ይነካዋል፣ ውኃውም ወደ ላይ ይወጣል። «ባዶ» የተባለው ጠርሙስ ባዶ እንዳልነበረ ከዚህ በኋላ አይከራከሩም። ክብደቱ ለትልልቆቹ ይቆይ፦ በአዳማ ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ በ8 በ6 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱም 3 ሜትር የሆነ ክፍል ውስጥ ያለው አየር ከአንድ ኩንታል ይበልጣል።

የነፋስን ሥራ በሚገባ የሚያሳየው አውድማው ነው። በአዳማና በሞጆ ዙሪያ ጤፍ ሲዘራ ያላየ የገበሬ ልጅ የለም። ነፋሱ ሲመጣ እህሉ በላይዳ ወደ ላይ ይበተናል፤ ፍሬው እዚያው ሲወርድ እብቁ ራቅ ብሎ ይከመራል። ነፋሱ ከበረታ ግን ፍሬውንም ይዞት ስለሚሄድ ገበሬው ጋብ እስኪል ይጠብቃል። ልጁ ይህን ሁሉ አይቶ ነው ክፍል የሚገባው፤ አስተማሪው አለመጠየቁ ግን ያሳዝነኛል።

በበጋ ነፋሱ በአብዛኛው ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፣ ሸለቆውንም ተከትሎ ይነፍሳል። ቀትር ላይ የጋለው መሬት አየሩን ሲያሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ ዙሪያው ያለው አየር ቦታውን ሊሞላ ሲሮጥ አንዳንዴ ይሽከረከርና አዋራውን ያቆመዋል። በዚያ አውሎ ነፋስ ውስጥ ሰይጣን አለ እየተባለ ለልጅ ይነገራል። አስተማሪው ፍርሃቱን ሳያቃልል ዐይንና አፍንጫን መሸፈንን አስቀድሞ ያስተምር፤ የአዋራው ጉዳት እውነተኛ ነውና። የሞቀ አየር ወደ ላይ መውጣቱን ከእሳት በላይ ከሚወጣው ጭስ ማሳየት ይቻላል።

ወደ ደቡብ ባቱ ላይ ትምህርቱ መልኩን ይለውጣል። ቀን የብሱ ከዝዋይ ሐይቅ ቀድሞ ስለሚሞቅ ቀዝቃዛው አየር ከውኃው ወደ ከተማው ይነፍሳል፤ ሌሊት የብሱ ቀድሞ ሲቀዘቅዝ አቅጣጫው ይገለበጣል። እንጨት ላይ የታሰረ የፌስታል ቁራጭ ጠዋትና ከሰዓት ወዴት እንደሚያመለክት ልጆቹ ለአንድ ሳምንት በሥዕል ቢመዘግቡ ይህን ራሳቸው ሊደርሱበት ይችላሉ። በአካባቢ ሳይንስም ሆነ በኦ ክፍል፣ በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ፣ ለዚህ የሚያስፈልገው ከክፍል የመውጣት ፈቃድና አሥር ደቂቃ ብቻ ነው።