አዲሱ የሪሳይክል ሣጥንና ያገለገሉ የኢንሱሊን መርፌዎች

በአሜሪካ ብዙ አፓርታማዎችና የገጠር ከተሞች ውስጥ ነዋሪው ፕላስቲክና ካርቶን ለይቶ ማስቀመጥ ቢፈልግም የሪሳይክል ሣጥን በአቅራቢያው አያገኝም። ቆሻሻ የሚያነሳ በሌለበት ቦታ ደግሞ ሰው ያቃጥላል፤ የፕላስቲክ ጭስ አስም ላለበት ልጅ ምን እንደሚያደርግ ለወላጅ መንገር አያስፈልግም። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ለዚህ ሥራ በአምስት ዓመት የሚከፈል 275 ሚሊዮን ዶላር፣ ለሕዝብ ትምህርት ደግሞ 75 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። ገንዘቡን ለግዛቶች፣ ለከተሞችና ለነባር ሕዝቦች አስተዳደሮች የሚያከፋፍለው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ነው።

ሣጥኑ ሰፈራችሁ ሲደርስ ግን እኔን እንደ ሐኪም የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ፤ መርፌ።

ስኳር ያለባቸው ብዙ ታካሚዎች ያገለገለውን መርፌ በባዶ ሃይላንድ አጠራቅመው ይጥላሉ። ጥንቃቄ ይመስላል። ሆኖም የውሃ ፕላስቲክ ስስ ስለሆነ መርፌ ይበሳዋል። ሪሳይክል ውስጥ ከገባ ደግሞ በመኪናው ተጨምቆ ወደ መለያ ጣቢያ ይሄዳል። እዚያ በማሽን የሚያልፈውን ዕቃ በእጃቸው የሚለዩ ሠራተኞች አሉ። (አገር ቤትም ቢሆን ሃይላንዱን የሚለቅመው ሰው ብዙ ጊዜ ጓንት እንኳ የለውም።)

የተወጋው ሠራተኛ የማን መርፌ እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ እንዲሁም ለኤችአይቪ ይመረመራል፤ አንዳንዴም የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ለ28 ቀናት ይወስዳል። በቫይረሱ የመያዝ ዕድሉ አነስተኛ ቢሆንም የመጨረሻውን ውጤት የሚሰማው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው።

መርፌውንና የጣት መውጊያውን እንደተጠቀሙ ወዲያው ፋርማሲ በሚሸጠው የመርፌ መያዣ ውስጥ ይክተቱ። ከሌለዎት ክዳኑ በደንብ የሚዘጋ ወፍራም የፈሳሽ ልብስ ሳሙና ዕቃ ይበቃል። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ያሽጉትና ሪሳይክል እንደማይደረግ በእንግሊዝኛ ይጻፉበት። አወጋገዱ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ አንዳንዱ ከቤት ቆሻሻ ጋር መጣል ይፈቅዳል፣ ካሊፎርኒያ ግን ይከለክላል። ፋርማሲስትዎን ይጠይቁ።

ከቤተሰብ አንድ ሰው በሌላ ሰው መርፌ ከተወጋ ቦታውን በውሃና በሳሙና ይጠብ፤ አይጭመቅ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሕክምና ይሂድ። የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይሰጥም፤ በቶሎ ሲጀመር የተሻለ ይሠራል።