የትምህርት አኃዞች በግራፍ ሲቀርቡ፦ የሚታየውና የማይታየው

መግቢያ

በርእሳነ መምህራን ቢሮዎች፣ እንዲሁም በወረዳና በዞን የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ግድግዳ ላይ፣ የተማሪዎችን ብዛት፣ የፈተናን ውጤትና የማቋረጥን መጠን የሚያሳዩ ግራፎች ተለጥፈው ይታያሉ። ግራፍ ብዙ አኃዝ በአንድ እይታ እንዲጨበጥ ስለሚያደርግ ለዕቅድ ሥራ ከፍተኛ እገዛ አለው። ይሁን እንጂ አንባቢው የመስመሩን መውጣትና መውረድ ብቻ ተከትሎ፣ መስመሩ ከምን እንደተሠራ ሳይመረምር ሊፈርድ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቅርብ ዓመታትን የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤትና የአዊ ዞንን የሕዝብ ቁጥር በምሳሌነት በመውሰድ፣ አንድ ግራፍ የሚናገረውንና የማይናገረውን ለይቶ ማንበብ እንዴት እንደሚቻል ማስረዳት ነው።

1. የመቶኛው ላዕልና ታሕት

መቶኛ ማለት በመሠረቱ ክፍልፋይ ስለሆነ ላዕልና ታሕት አለው። መቶኛው ከፍ የሚለው ላዕሉ ሲጨምር ወይም ታሕቱ ሲቀንስ፣ አለዚያም ሁለቱ በአንድነት ሲሆኑ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች ብዛት የሚከተለው ነበር፤

በ2014 ዓ.ም. ከ896,520 ተፈታኞች 29,909 (3.3 በመቶ)፤
በ2015 ዓ.ም. ከ845,099 ተፈታኞች 27,267 (3.2 በመቶ)፤
በ2016 ዓ.ም. ከ674,823 ተፈታኞች 36,409 (5.4 በመቶ)፤
በ2017 ዓ.ም. ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 (8.4 በመቶ)።

መቶኛው ብቻ በግራፍ ቢሣል፣ ውጤቱ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ዕጥፍ ተኩል እንደሆነ ያሳያል። ያለፉት ተማሪዎች ቁጥር ብቻ ሲታይ ግን ጭማሪው 64 በመቶ ገደማ ነው። ልዩነቱ የመጣው ታሕቱ ከ310,000 በሚበልጥ ተፈታኝ፣ ማለትም ከሲሶ በላይ፣ ስለቀነሰ ነው። የተፈታኞቹ ብዛት በ2014 ዓ.ም. በነበረበት ቢቆይ ኖሮ፣ 48,929 አላፊዎች የሚይዙት ድርሻ 5.5 በመቶ ያህል ይሆን ነበር። ስለዚህ ከ5 ነጥቡ ጭማሪ ውስጥ 2.1 ያህሉ የአላፊዎቹ መብዛት፣ 2.9 ያህሉ ደግሞ የተፈታኞቹ ማነስ ነጸብራቅ ነው።

ከዚህ ስሌት ተነሥቶ መሻሻል የለም ብሎ መደምደም ሌላ ስሕተት ይሆናል፤ 19,020 ተጨማሪ ተማሪዎች ማለፋቸው እውነት ነውና። ስሌቱ የሚያስገድደው ሌላ ጥያቄ እንዲጠየቅ ነው፤ ይኸውም ያልተፈተኑት እነማን ናቸው? የሚል ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተስፋፋው ግጭት ምክንያት በርካታ ት/ቤቶች መዘጋታቸውና ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ መለየታቸው የታወቀ ነው። ፈተናውን ያልወሰደ ልጅ በላዕሉም ሆነ በታሕቱ ውስጥ አይገኝም፤ ስለሆነም ትምህርቱን ያቋረጠው ተማሪ ከግራፉ ላይ ይጠፋል፣ መስመሩም ዝቅ አይልም። መቶኛውን ብቻ የሚመለከት ዕቅድ አውጪ፣ ይበልጥ እርዳታ የሚያስፈልገውን ልጅ በመጨረሻ የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው።

2. የዘንጉ መነሻ

በእነዚሁ አኃዞች ባር ግራፍ ሲሠራ ቋሚው ዘንግ ከ0 ቢነሣ፣ የ2017 ዓ.ም. ባር የ2014 ዓ.ም.ን ሁለት ዕጥፍ ተኩል ይሆናል። ዘንጉ ከ3 ቢነሣ ግን፣ የመጀመሪያው ባር 0.3፣ የመጨረሻው 5.4 ቁመት ስለሚኖራቸው፣ ልዩነቱ 18 ዕጥፍ መስሎ ይታያል። በአንጻሩ ዘንጉ እስከ 100 ቢዘረጋ፣ አራቱም ባሮች ከወለሉ እምብዛም የማይነሡ ይሆናሉ። አኃዙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወረቀቱ ነው። ስለዚህ የባር ግራፍ ዘንግ ከ0 እንዲጀምር ማድረግ፣ አንባቢውም አስቀድሞ ዘንጉን እንዲያነብ ማስለመድ ይገባል።

ከ2014 ዓ.ም. በፊት የነበሩትን ውጤቶች ከዚያ በኋላ ካሉት ጋር በአንድ መስመር ማያያዝም ያሳስታል። የፈተናው አሰጣጥ ስለተለወጠ፣ የመስመሩ ድንገተኛ ስብራት የመለኪያውን ለውጥ ሊያሳይ ይችላል እንጂ የዕውቀቱን ብቻ አይደለም። እንዲህ ባለው ቦታ መስመሩን ቆርጦ ምክንያቱን ከሥሩ መጻፍ ተገቢ ነው።

3. የአዊ ዞን የትምህርት ተሳትፎ መጠን

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአዊ ዞን ሕዝብ 982,942 ነበር። ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ ሌላ ቆጠራ አልተካሄደም። የትምህርት ተሳትፎ መጠን የሚሰላው የተመዘገቡትን ተማሪዎች ለትምህርት በደረሱ ልጆች ቁጥር በማካፈል ስለሆነ፣ ታሕቱ ከዚያ ቆጠራ ተነሥቶ የተገመተ ነው። ላዕሉ በየዓመቱ ከመዝገብ ይቆጠራል፤ ታሕቱ ግን ግምት ነው።

የዚህ ውጤት በከተሞች ይበልጥ ይጎላል። የዞኑ መቀመጫ የሆነችው እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባታል፤ ዳንግላም የንግድ መናኸሪያ ናት። ከገጠር ቀበሌ መጥተው በዘመድ ቤት ወይም በኪራይ ክፍል ተቀምጠው የሚማሩ ልጆች በከተማው መዝገብ ይገባሉ፤ በግምቱ ግን የሚቆጠሩት በትውልድ ቀበሌያቸው ነው። በዚህም የከተማው ተሳትፎ ከ100 በመቶ ሊያልፍ፣ የገጠሩ ደግሞ ከእውነተኛው በታች ሊወርድ ይችላል። ጥቅል ተሳትፎ ዕድሜያቸው ያለፈውንም ስለሚጨምር፣ ከንጥር ተሳትፎ ጋር ጎን ለጎን ካልቀረበ ግራ ያጋባል። አዲስ የመማሪያ ክፍል የት ይሠራ የሚለው ውሳኔ በእንዲህ ያለ ግራፍ ላይ ብቻ ቢመሠረት፣ ክፍሉ በማያስፈልግበት ሊሠራ ይችላል።

4. አነስተኛ ቁጥሮች

ለምሳሌ አንድ የገጠር ት/ቤት 40 ተማሪዎችን አስፈትኖ 2ቱ አለፉ፣ በሚቀጥለው ዓመት 4 አለፉ እንበል። ግራፉ ከ5 ወደ 10 በመቶ ይዘላል፤ «ዕጥፍ ሆነ» ይባላል። ልዩነቱ ግን ሁለት ልጆች ናቸው። በአንድ ዓመት ለውጥ ብቻ መምህሩን መሸለምም ሆነ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም፤ ቢያንስ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ውጤት በአንድነት ሊታይ ይገባል።

5. ለመምህሩና ለዕቅድ አውጪው

በማንኛውም ግራፍ ፊት የሚከተሉትን መጠየቅ ይጠቅማል፤

ሀ) ታሕቱ ማነው? በየዓመቱስ አንድ ዓይነት ነውን?
ለ) ታሕቱ የተቆጠረ ነው ወይስ የተገመተ?
ሐ) ዘንጉ ከየት ይነሣል?
መ) የመለኪያው አሠራር በመካከል ተለውጧልን?
ሠ) ከግራፉ ውጭ የቀሩት እነማን ናቸው?

ይህንኑ በክፍል ውስጥ ማስተማር ቀላል ነው። መምህሩ የራሱን ክፍል የወር ክትትል ከስም መጥሪያው አውጥቶ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ጊዜ በመቶኛ፣ አንድ ጊዜ በልጆች ቁጥር ያስሥላል። የአጨዳና የገበያ ቀናት ሲጨመሩበት፣ ተማሪዎቹ የመስመሩን መውረድ ከኑሯቸው ጋር ያገናዝባሉ። የዞንና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም ከእያንዳንዱ መቶኛ ሥር ላዕሉንና ታሕቱን በቁጥር ቢያሰፍሩ፣ በመስከረም ተመዝግበው እስከ ፈተና ያልደረሱትንም በተለየ ባር ቢያሳዩ፣ ተጨማሪ ወጪ ሳይጠይቅ የግራፉ ጥቅም ይጨምራል፤ ከትምህርት ገበታ የራቀው ልጅም በዕቅዱ ውስጥ ቦታ ያገኛል።